መጀመሪያ እናንተ ተቀመጡ፣ ታካሚው ወደ እናንተ ይምጣ፦ ለጥርስ ሐኪሞች የስድስት ሳምንት የአቀማመጥ ሥልጠና

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ወጥቼ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ከጎን በኩል አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ልዞር ስል አንገቴ እንቢ አለ። ከወገቤ ጀምሮ መላ አካላቴን አዙሬ ነው ሰላም ያልኩት። ሌሊት ደግሞ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ያባንኑኝ ጀመር። ጥርስ ሕክምና ከጀመርኩ ገና ስድስት ዓመቴ ነበር።

ለሚያውቀኝ ሁሉ ነገርኩ። መልሱ አንድ ነው፦ "አቦ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጣ!" ሞከርኩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ቀጥ እላለሁ። ከዚያ የኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ ያለችው ቀዳዳ አልታይ ትለኛለች። ሳላውቀው ተመልሼ እጎብጣለሁ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የጎደለኝ ፍላጎት አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ነበር የተገለበጠው። ታካሚው እንደተመቸው ይቀመጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ እኔ በቀረችው ቦታ ተጣጥፌ እገባለሁ። ዓይን ወደሚሄድበት አንገት ይከተላል። አንገት ሲሄድ ትከሻም ወገብም አይቀሩም። ስለዚህ የሚሠለጥነው ጀርባችን ብቻ አይደለም። ታካሚውን የምናስተኛበት፣ መብራቱን የምናዞርበት፣ መስታወት የምንይዝበት ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሥልጠና ከባልደረቦቼ ጋር ሦስት ጊዜ ሠርተነዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሠራነው ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ሲል አንገት የሚሸከመው ያንኑ ነው። 30 ዲግሪ ሲያጎነብስ ግን በስሌት አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል። 60 ዲግሪ ላይ 27 ኪሎ ይደርሳል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ አንሡት። 30 ዲግሪ ያጎነበሰ አንገት ከዚያ ብዙም የማያንስ ነገር ተሸክሞ ነው የሚውለው። እሱም ሳይንቀሳቀስ። ጡንቻ ሳይፈታ ተኮማትሮ ሲቆይ ደም እንደ ልብ አያገኝም። የሚያደክመን የሥራው ክብደት ሳይሆን ይኼ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ባልደረባ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሜትርና አንድ የአፍ መስታወት ነው። ብቻችሁን አትጀምሩት። የራሱን ጀርባ የሚያይ ሰው የለም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምንም ሳትነኩ መለካት

በዚህ ሳምንት ምንም አትቀይሩ። ማታ ማታ ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ሣሉ፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። ያመማችሁን ቦታ አጥቁሩት። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ሕመሙን ይለምደዋል፣ ወረቀቱ ግን አይለምደውም።

ቀጥሎ ፎቶ። ስልኩን በክርናችሁ ከፍታ ላይ መደርደሪያ ላይ አቁሙት። አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከኋላ። ታካሚውን አስፈቅዱ፤ "የእኔን አቀማመጥ ነው የምንቀርጸው፣ የእርስዎ ፊት አይታይም" በሏቸው፣ እውነትም አይታይ። ዝም ብላችሁ ፎቶ አንሡኝ ካላችሁ ግን ሁላችሁም ወታደር ትሆናላችሁ። ስለዚህ 10 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና በየደቂቃው አንድ ምስል አውጡ። ወይም ነርሷ ሳታውቁ ታንሣችሁ።

ምስሉ ላይ የምትፈልጉት ይህን ነው። ጆሮ ከትከሻ ምን ያህል ወደ ፊት ሄዷል? የጭንቅላት ዝንባሌ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ችግር የለውም፤ ከዚያ ሲያልፍ ቀይ ክበቡት። ደረት ከዳሌ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ወድቋል? ክርን ከጎን አጥንት ርቆ እንደ ክንፍ ተነሥቷል? አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሏል? እግሮች የት ናቸው?

የራሴ የመጀመሪያ ፎቶ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። የታካሚው ወንበር ግማሽ ብቻ ወደ ኋላ ተኝቷል። እኔ አገጬ ደረቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ግራ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደርሷል። ቀኝ ክርኔ ተሰቅሏል። ግራ እግሬ ወለል ላይ የለም፣ በስቱሉ (ሐኪሙ በሚቀመጥበት ወንበር) የብረት እግር ላይ ተጠቅልሏል። እግሬን እንደዚያ እንደማደርግ ዕድሜ ልኬን አላውቅም ነበር።

ነጥብ እየሰጣችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ሩላ የሚባል መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ነው። ክንድን፣ አንጓን፣ አንገትን፣ ግንድ አካልንና እግርን እያየ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። 1 እና 2 ደህና ነው። 7 ማለት አሁኑኑ ለውጥ ማለት ነው። ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ስቱሉና የተዘጋው ዓይን

መጀመሪያ ስቱሉ ይሠራ። ስትቀመጡበት ቀስ እያለ ቁልቁል የሚወርድ ስቱል ካለ ዛሬውኑ አስጠግኑት ወይም ቀይሩት። ከእሱ ጋር የሚሆን ሥልጠና የለም።

ወገባችሁ መደገፊያውን እስኪነካ ወደ ኋላ ገብታችሁ ተቀመጡ። የእኛ ሰው ጫፍ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ ያን ጊዜ መደገፊያው ጌጥ ነው። ከፍታውን ጭናችሁ ወደ ጉልበት ትንሽ ቁልቁል እስኪል ከፍ አድርጉት። ጉልበታችሁ ላይ ያለው ማዕዘን 110 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ሲል ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለልና ወገብ ይጎብጣል፣ በፈቃድ የምታስተካክሉት አይደለም። ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ ወለል ላይ፣ በትከሻ ስፋት ተከፍተው። የእግር ፔዳሉን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። እግር ዘርግቶ የሚረገጥ ፔዳል ዳሌን ያጣምማል። ኮርቻ መሰሉ ስቱልም ጥሩ ነው፤ ግን ጭንና መቀመጫ እስኪለምደው ሁለት ሳምንት ያህል ያማል፣ በቀን ከአንድ ሰዓት ጀምሩ።

አሁን የሥልጠናው ዋና ነገር። ጓንት ሳታጠልቁ፣ ታካሚ ሳይኖር፣ ተቀመጡና ዓይናችሁን ጨፍኑ። ትከሻችሁን ወደ ላይ ስባችሁ ልቀቁት። ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠጉ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር በሁለት እጃችሁ እንደምትሠሩ አድርጉ። መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት። ጣቶቻችሁ በራሳቸው የሚያርፉበት ቦታ አለ፤ ከደረት ፊት ለፊት፣ ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ። ዓይናችሁን ግለጡ። ባልደረባችሁ ከዓይናችሁ እስከ ጣታችሁ በሜትር ይለካ። ለአብዛኛው ሰው ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

የታካሚው አፍ መምጣት ያለበት እዚያ ቦታ ነው።

ሐኪሞችን ዓይን አስጨፍኖ ሰውነታቸው ራሱ ቦታውን እንዲመርጥ የማድረግን ሐሳብ ያስፋፋው ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዳሪል ቢች ነው። ሰውነት ራሱ የሚያውቀውን በዲግሪ ከማስተማር ይቀላል። በየቀኑ ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት አሥር ጊዜ ሥሩት። ሳምንቱ ሲያልቅ እጃችሁ ቦታዋን ታውቃለች።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ታካሚውን ማስተኛት

ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ታካሚው መተኛት አይወድም፣ እኛም ማስቸገር አንወድም። ግማሽ ተኝቶ ይቀራል። የቀረውን ግማሽ በአንገታችን እንከፍላለን። ድሮ ሐኪሙ ቆሞ፣ ታካሚው ተቀምጦ ነበር የሚሠራው። ሙሉ በሙሉ የሚተኛው ወንበር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ወንበሩ ከመጣ ይህን ያህል ዘመን ሆኖት አሁንም ግማሽ አስተኝተን ስንሠራ ያሳዝነኛል።

ለላይኛው ጥርስ፦ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ይተኛ፣ አገጭ ወደ ላይ ይቅና። አፍ ሲከፈት የላይኛው ጥርሶች መንከሻ ከወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ግድግዳ ይሁን። ለታችኛው ጥርስ፦ መደገፊያው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይነሣ፣ አገጭ ወደ ደረት ዝቅ ይበል።

ከሁሉም የሚረሳው ግን ጭንቅላቱ የት እንዳረፈ ነው። የታካሚው አናት የራስ መደገፊያውን ጫፍ መንካት አለበት። ታካሚዎች ወንበሩ ሲተኛ ተንሸራተው ወደ ታች ይቀራሉ። በእነሱና በእናንተ መካከል ያ አንድ ስንዝር ባዶ ትራስ ካለ፣ ያን ስንዝር የምትሞሉት በጀርባችሁ ነው። "ወደ ላይ ሳብ ይበሉልኝ" ማለትን ልማድ አድርጉት። በእኔ ልምድ ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ጀርባዬን የረዳው የለም።

ከዚያ ጭንቅላቱን አዙሩት። ወደ ራሳችሁ፣ ወይም ወደ ነርሷ። እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ታካሚውን አያስቸግርም። ስንት ጊዜ ነው እኛ ዞረን የምናየው፣ እሱ ቢዞር ሲበቃ።

አንድ ጊዜ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው እናት መጡ። ላስተኛቸው ስል እጀታውን ግጥም አድርገው ያዙ። "ኧረ ልጄ፣ ትንፋሼ ይቆማል!" አሉኝ። እንደ ድሮው ቢሆን እሺ ብዬ ተንበርክኬ እሠራ ነበር። "እማማ፣ በሦስት ጊዜ ቀስ አድርገን ነው። ካልተመቸዎት ወዲያው አነሣዎታለሁ" አልኳቸው። ትንሽ አወረድኩ፣ ጠበቅኩ። ትንሽ ደግሞ። ነርሷ ፎጣ ጠቅልላ አንገታቸው ሥር አደረገችላቸው። እጃቸው ከብረቱ ላይ ቀስ እያለ ሲላቀቅ አየሁ። ሦስተኛው ላይ "ይኼማ አልጋ ነው" አሉ። ሥራው ሲያልቅ ቶሎ አልተነሡም፣ እኛም አላስነሣናቸውም፤ ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ሲነሣ ያዞረዋልና ሁለት ደቂቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የማይተኙም አሉ፣ እሱን ማወቅ የሐኪሙ ግዴታ ነው። የልብ ድካም ያለበት፣ አስም ያጠበቀበት፣ የሆድ አሲድ የሚመለስበት ሰው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አይተኛም። እርግዝናዋ የገፋ እናት በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል አድርጓት። ለእነዚህ ሰዎች ሥራውን አሳጥሩ፣ ወይም ቆማችሁ ሥሩ። አሥር ደቂቃ መጎንበስ ማንንም አልገደለም። የሚገድለው ቀኑን ሙሉ ነው።

አራተኛው ሳምንት፦ ሰዓቱ፣ መብራቱ፣ መስታወቱ

የታካሚውን ፊት እንደ ሰዓት አስቡት፤ አናቱ 12፣ አገጩ 6። ቀኝ እጅ የሚጠቀም ሐኪም ከ9 እስከ 12 ባለው ይንቀሳቀሳል። ነርሷ ከ2 እስከ 4። ግራ እጅ ከሆናችሁ ሁሉም በመስታወት እንደሚታየው ይገለበጣል። ችግራችን አንዱ ላይ መተከላችን ነው። አብዛኛው ሰው 9 ላይ ይቀመጥና የሩቁን ጥርስ ሁሉ በመጠማዘዝ ይፈልጋል። ከ10 ወደ 12 መንቀሳቀስ ልመዱ። ለላይኛው ጥርስ 11 እና 12 ላይ ሁኑ። ለታችኛው የቀኝ ጥርስ የጉንጭ በኩል 9 ይመቻል። ለታችኛው የፊት ጥርስ የምላስ በኩል ደግሞ 12 ላይ ሆናችሁ በቀጥታ ታዩታላችሁ።

ከጀርባችሁ ያለው ቦታ ጠባብ ከሆነ 12 ላይ መድረስ አይቻልም። ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ክሊኒክ የቆየ ቤት ተከራይቶ ነው የሚሠራው። ወንበሩም ጭንቅላቱ ግድግዳ ሊነካ ተተክሏል። ወንበሩን መንቀል ካልቻላችሁ ከኋላ ያለውን ቁም ሣጥን አውጡት። እኛ ያደረግነው እሱን ነው። ግማሽ ሜትር ተገኘ፣ 12 ሰዓት ተከፈተልን።

መብራት። ብርሃኑ ከዓይናችሁ አጠገብ ተነሥቶ ከዓይናችሁ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለላይኛው ጥርስ ከፊታችሁ ላይ፣ ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። መብራቱ ከሩቅ ከሆነ የራሳችሁ እጅ ጥላ ይጥላል፣ ጥላውን ለማምለጥ ደግሞ ትጣመማላችሁ። ጥላ ባያችሁ ቁጥር አንገታችሁን ሳይሆን መብራቱን አንቀሳቅሱ። መብራት ሲጠፋና በጄኔሬተር ስትሠሩ ብርሃኑ ከደከመ በግንባር የሚታሰር ባትሪ ያዙ።

መስታወቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይፈልጋል። የላይኛው የኋላ ጥርስ በቀጥታ አይታይም። በመስታወት ነው የሚታየው። ተማሪ ሳለን ሁላችንም ይህን ተምረናል። ከዚያ ፈተናው ሲያልፍ ተመልሰን መጎንበስ ጀመርን። ምክንያቱም በመስታወት ስናይ እጃችን ተቃራኒ ይሄዳል፣ ያናድዳል። መፍትሔው ከታካሚ ውጪ መለማመድ ነው።

እኛ በብርቱካን ነው የተለማመድነው። ብርቱካኑን ሰፊ ኩባያ ውስጥ አስቀምጡ። በእናንተ በኩል በማይታየው ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ክብ ሣሉ። አሁን ጀርባችሁን ሳታነቃንቁ፣ በግራ እጃችሁ መስታወት ይዛችሁ፣ ያን ክብ በመስታወት ብቻ እያያችሁ ደግማችሁ በላዩ ላይ ሣሉት። የመጀመሪያ ቀን መስመሩ እንደ ትል ይጠማዘዛል። በሦስተኛው ቀን ክብ ይመስላል። ቀጥሎ ክቡን በስኬለር (በጥርስ ድንጋይ መፋቂያው) ጫፍ ቆፍሩት፣ ልጣጩ ብቻ ይነሣ፣ ነጩ ይቅር። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንዷ ባልደረባችን በሳምንቱ መጨረሻ "ላ" ብላ ጽፋበት አሳየችን። ሰኞ ዕለት የላይኛውን ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ አንገቷን ሳታነቃንቅ ሞላች። እኔ ከኋላ ሆኜ ነበር የማየው፣ ደስታዋን ከማስኩ በላይ በዓይኗ አይቼዋለሁ።

መስታወቱ ጭጋግ ሲለብስ ነርሷ በአየር ትንፋው፣ ወይም የታካሚው ጉንጭ ላይ አሙቁት። ውሃ ሲረጨው ከጥርሱ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት።

አምስተኛው ሳምንት፦ ነርሷም ጀርባ አላት

ይህን ሥልጠና ለሐኪሙ ብቻ ብለው የሚሠሩ አይቼ አዝኛለሁ። ሳክሽን (የምራቅ መሳቢያውን) ይዛ ሰዓታት የምትጠማዘዝ ነርስ ከሐኪሙ የበለጠ ልትጎዳ ትችላለች። ከሐኪሙ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትቀመጥ፣ አፉን ከላይ ታየዋለች። እግሯ ስለማይደርስ የስቱሉ ቀለበት ያስፈልጋታል። ስቱል የሌላት ከሆነ ከሁሉ በፊት ስቱል ይገዛላት። ቀኑን ቆማ እየዋለች ስለ አቀማመጥ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ዕቃ የምትቀበሉት ከታካሚው አገጭ በታች፣ ከደረቱ በላይ ነው። ዓይናችሁን ከጥርሱ ሳታነሡ እጃችሁን ብቻ ትዘረጋላችሁ፣ እሷ ታስይዛችኋለች። የምትደርሱባቸው ነገሮች ሁሉ ክርን ሳይዘረጋ፣ ክንድ በሚደርስበት ይሁኑ። በጀርባ በኩል ያለ ትሪ ካለ ዛሬ ቦታ ቀይሩለት።

ስለ እጅ ጥቂት። ቀጭን የብረት እጀታ ጣትን አጥብቆ ያስይዛል። ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍርና 15 ግራም አካባቢ የሚመዝን ስኬለር የጡንቻን ጫና ይቀንሳል። የደነዘ ስኬለር ደግሞ ጉልበት ይበላል፤ ጠዋት መሳል የእጅ ሕክምና ነው። ጓንት አውራ ጣታችሁ ሥር ከጠበበ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

ጥርስ ስትነቅሉ ቆማችሁ ነውና ሕጉ ይለያል። ለላይኛው ጥርስ ወንበሩ ወደ ኋላ ይዘንበልና የታካሚው አፍ በክርናችሁ ትክክል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ለታችኛው ጥርስ ታካሚው ቀና ይበል፣ ወንበሩ ከላይኛው ይልቅ ዝቅ ይበል። አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። የእጅ አንጓ ቀጥ እንዳለ ይቆይ፤ ኃይሉ ከእግርና ከግንድ አካል ይምጣ። ክርናችሁ ወደ ጎን ሲነሣ ካያችሁ ወንበሩ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሌላ ምንም አትሞክሩ፣ ወንበሩን አውርዱ።

ስድስተኛው ሳምንት፦ ዕረፍትና ሙቀት

ምንም ያህል ብታስተካክሉ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይጎዳል። በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ እጃችሁን አውርዱ፣ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር እዩ። ማደንዘዣው እስኪይዝ፣ ሙሌቱ በብርሃን እስኪደርቅ፣ ራጅ እስኪመጣ። ለዚህ የተለየ ሰዓት አያስፈልግም፣ ሥራው ራሱ ይሰጣችኋል።

በታካሚና በታካሚ መካከል ደግሞ ሦስት ነገር። አገጫችሁን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ግፉት፣ ድርብ አገጭ እስኪመስል፤ 5 ሰከንድ ያዙ፣ 5 ጊዜ። ቆማችሁ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ፣ 5 ጊዜ። ቀኝ እጅ የምትጠቀሙና ወደ ቀኝ የምትዘነብሉ ከሆነ ቀኝ ክንዳችሁን በአናታችሁ ላይ አሳልፋችሁ ወደ ግራ ተጠማዘዙ፣ 15 ሰከንድ። ዋናው ሐሳብ ቀኑን ሙሉ ከዞራችሁበት ተቃራኒ መሄድ ነው። ቤት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፦ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በር እጀታ ላይ አስራችሁ ክርናችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። የትከሻ አጥንቶቻችሁ ጀርባችሁ ላይ ሲቀራረቡ ይሰማችሁ። መሳሳብ ብቻ አያድንም፣ ጀርባ ጉልበት ይፈልጋል።

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት መናገር አለብኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ሐረር ያሉ ጓደኞቻችን በግንቦት የምናየውን አያዩም። ላብ ጓንት ውስጥ ሲጠራቀም ዕቃ ያንሸራትታል፣ ሰው ጨብጦ ይይዛል። ቬንቲሌተሩ ከጎን ሲመጣ ሳናውቅ ወደ ንፋሱ እንዞራለን። ቬንቲሌተሩን ከ12 ሰዓት አቅጣጫ፣ ከኋላችሁ አድርጉት፤ ያን ጊዜ መጠማዘዝ አያስፈልግም፣ የአፉ ርጭትም ወደ እናንተ አይመጣም። ከባዱን ሥራ፣ የኋላ ጥርስ ሩት ካናሉን (የጥርስ ሥር ሕክምናውን)ና አስቸጋሪውን ነቀላ፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ቅጠሩ። ረመዳን ላይ ለሚጾሙ ባልደረቦች ይህ የበለጠ ይሠራል፤ ውሃ የማይጠጣ ጡንቻ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዝላል። የሶላት ሰዓት ቀድሞ ዕረፍት ሆኖ ተሰጥቷል፣ ቀጠሮውን በእሱ ዙሪያ አድርጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ቀኑን ወደ ቀኝ ተጠማዝዞ የዋለ ሰው ከሰዓት በርጫ ላይ ሦስት ሰዓት በአንድ ክርን ተደግፎ ሲጋደም፣ አንገቱ ሌላ ፈረቃ ገባ ማለት ነው። የምትቀመጡ ከሆነ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፣ ወገባችሁ ሥር ትራስ አድርጉ፣ ጎን ቀይሩ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ።

የማጉያ መነጽር ስለመግዛት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ 2.5 እጥፍ የሚያጎላው ለጀማሪ ይበቃል። ግን ከዚህ ሥልጠና በኋላ ግዙት። መነጽሩ የሚለካው ከዓይናችሁ እስከ ሥራው ባለው ርቀት ነው። ጎብጣችሁ ከተለካችሁ ጉብጠታችሁ ይመዘገብና መነጽሩ ዘወትር እዚያው ይመልሳችኋል። ቁልቁል የሚያይበት ማዕዘን ትንሽ ከሆነም አንገታችሁን ያስጎነብሳችኋል። በሁለተኛው ሳምንት ዓይን ጨፍናችሁ ባገኛችሁት ቦታ ተለኩ።

እጅ የሚደነዝዝ፣ ዕቃ ከጣት የሚያመልጥ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ሕመም፣ ወይም ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ንዝረት ካላችሁ ስድስት ሳምንት አትጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ። እኔ ለስምንት ወር ዝም አልኩ። ሕመሙ ከሄደ በኋላም የጣቴ ስሜት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ፎቶውን ደግማችሁ አንሡ። ያው መደርደሪያ፣ ያው ከፍታ፣ ከተቻለ ያው ዓይነት ሥራ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከነርሶቹ ጋር አንድ ላይ እዩት። የሕመም ወረቀቶቹንም ዘርጓቸው። ያልተለወጠ ነገር ታገኛላችሁ፤ የእኔ ግራ ትከሻ አሁንም ሥራ ሲበዛ ይነሣል። ያን አንዱን ብቻ ይዛችሁ የሚቀጥለውን ወር ሥሩበት። ከዚያ በየሦስት ወሩ ፎቶ። አዲስ ሐኪም ወይም ነርስ ሲቀጠር ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሩለት፣ ዓይኑን አስጨፍናችሁ።